«ሰርገኛ መጣ» ለማን ይባላል?

ጥር 3

አንድ በር ጨረስኩ። ሁለት ወንበር ለነገ።
ነርስነት የምትማረው የእህቴ ልጅ መጣች። ነገ ፈተና... ደብተሯን ዛሬ ልትገልጥ! «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!» አልኳት።
«ምን ማለት ነው ደግሞ አጎቴ?»
ፊደልን ሚስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩ ሰውዬ፣ ማስረዳት ስወድ! «እንግዳው ደጅ ቆሞ ድስት የሚያጥብ ሰው ማለት ነው። ለምሳሌ አንቺ።»
አኮረፈች። ደስ አለኝ።

ጥር 4

ጠዋት እንደ ልማዴ በጎረቤቴ በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆሜ፣ «ዛሬስ አታገቢኝም?» አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ መልሷ «ሂድ ወደዚያ፣ ሥራ አታስፈታኝ!» ነው።
ዛሬ ከመቀሷ ቀና ሳትል፣ «እሺ» አለች።
«ምን... አልሽ?»
«እሺ አልኩህ።»
ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እኔ! ሰፈሩን የማስቀው! «ማጣበቂያ እየደረቀብኝ ነው» ብዬ ሮጥኩ። የምን ማጣበቂያ? ቆርቆሮው እንኳ አልተከፈተም።
ያ አባባል ለሌላ ሰው ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ጥር 5

በር ዘግቼ ዋልኩ። አንዷን ጣውላ አራቴ ለካሁ፤ አራት ልክ ሰጠችኝ።
ቀልዳ ይሆን? እኔስ? አምና ታማ ሱቋ ሲዘጋ፣ ሁለት ሳምንት አንድ ቀልድ አልመጣልኝም... ለምን ነበር?

ጥር 6

የእህቴ ልጅ ፈተናውን አልፋ መጣች። ነገርኳት። ሳቋ ሰጋቱራው ላይ ጣላት።
«ሰርገኛ መጣ...»
«ዝም በይ!»
ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አጎቴ፣ ሴትዮዋ እሺ ብላህ በርህን ዘጋህ። ምን የምትል ይመስልሃል?»
ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። እርሳስ ጆሮዬ ላይ፣ ሰጋቱራ ፀጉሬ ላይ። የምለውስ? ምንም!
ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ልብስ ልክ እያየች ነበር። ደንበኛው ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል።
«አልቀለድኩም» አልኩ ከበሩ። «መቀለድ ካቆምኩ ቆየሁ። ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።»
አፏ በመርፌ ተሞልቷል። አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። ኧረ ቶሎ በይ... ሰባት መርፌ!
«እኔም አምልጦኝ ነው እሺ ያልኩህ» አለች። «ሁለት ቀን እጅጌ ገልብጬ ስሰፋ ሰነበትኩ።»
«ታዲያ... ትመልሺዋለሽ?»
«እጅጌውን ነው የምፈታው፤ ቃሌንማ አልፈታም!»
ደንበኛው፣ «ክንዴን ላውርድ?» አለ።

ጥር 12

ጠዋት በሯ ላይ ቆምኩ። «አታገቢኝም?» እንዳልል፣ የስድስት ዓመት ቀልዴን ወስዳብኛለች።
«ምን ትገተራለህ? ግባ» አለች።
ገባሁ።