የመብራት ሰሌዳውን ስላስወለወሉልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ብዕሩን የያዘችው ባለቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የመብራት ሠራተኛው ነው፤ እንዳታለሰልሰውም አስምያታለሁ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ያ የሚጽፍ እጅዎም አይዛልብኝ። «ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመድረክ ብርሃን ሊይዝ አይገባውም» ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፉትን ማስጠንቀቂያ ትኬት ሻጯ ጮክ ብላ ስታነብልኝ ሰልፈኛው ሁሉ ሰምቶልኛል፤ መልሴም ከጎኑ ቢለጠፍ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

አንደኛ፦ እንግዶች ይመጣሉ ብለው የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን በጠረጴዛ ማወልወያ ቅባት ስላስወለወሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብርሃኑን የሚያደምቁትና የሚያደበዝዙት ሃያ አራቱ ተንሸራታች ቁልፎች እንደ ሙሽራ አብረቀረቁ። ቅባቱ በየስንጥቁ ወርዶ ከሠላሳ ዓመት አቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆነ እንጂ ሽታውስ ግሩም ነበር።

ሁለተኛ፦ ለመለያ ብዬ በየቁልፉ ላይ ያሰርኳቸው ባለቀለም ክሮች «ቆሻሻ» ተብለው ተጠርገው ያማረ ጽሑፍ ተለጥፎልኛል። ቀዩ የቴአትራችን ንጉሥ፣ ሰማያዊው የመስኮቱ መብራት ነበር። ግድ የለም፤ ጣቴ ያለ ክርም ቤቱን ያውቃል።

ሦስተኛ፦ ንጉሡ ላይ የሚያበራው አራተኛው ቁልፍ መሃል ላይ ሲደርስ ይይዘኝ፣ ይዘልብኝ ጀመር። ያልተማረ ነኝና ባልተማረ ሰው ዘዴ የመብራቱን ገመድ ነቅዬ አምስተኛው ላይ ብሰካው እንደ በግ ታዘዘ፤ የአምስተኛውን አምጥቼ አራተኛው ላይ ብሰካው እሱም አበደ። መብራቶቹ ቤት ተለዋውጠው በሽታው እዚያው ከቀረ፣ በሽተኛው ቁልፉ ነው። ትርኢቱ ሊታይ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ «ተከፍቶ ይጽዳ» ብዬ ለመንኩ፤ እርስዎም «ሽማግሌ ሰበብ አያጣም» ብለው በክብር ሸኙኝ።

አራተኛ፦ ንጉሡ ሞተ። መድረኩ መጨለም ነበረበት፤ ቁልፉን ወደ ታች ብስበው ብስበው ብርሃኑ ሬሳው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሟቹ የቻለውን ያህል ችሎ በመጨረሻ አፍንጫውን አከከ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ እርስዎም «መብራት ሠራተኛው አንቀላፍቶ ነው» ብለው ጽፈው ከወንበሬ አነሡኝ። ሠላሳ ዓመት ሌላው እንዲታይ ብዬ ጨለማ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ጨለማውን ለምጄዋለሁ፤ በእንቅልፋምነት መታማቱን ግን አልለመድኩትም፣ አልለምደውምም። ወረቀትዎን ያንሡልኝ፤ ቁልፉንም ያስከፍቱት።

ለጥበብ ሲሉ ቅባት ለማይሰስቱት ጌታዬ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከዚህ በታች አትሜአለሁ።

የመብራት ሠራተኛው

ማስታወሻ፦ በወንበሬ ያስቀመጧቸው ባለ ዲግሪ ትናንት ሲሠሩ፣ ንጉሡ አሁንም በብርሃን ሞቶ አሁንም አፍንጫውን እንዳከከ ሰምቻለሁ። ሰው ተለዋውጦ በሽታው እዚያው ከቀረ፣ በእኔ ዘዴ ገና ተነቅሎ ያልተሞከረ አንድ ወንበር አለ፤ እሱም የእርስዎ ነው።

በይ እመቤቴ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ «ለተከበሩ» የሚለው ጋ ስትደርሺ ግን እንዳትስቂ።