ጸጥ ያለውን ውኃ ላሳየናቸው ኮሚሽነር

ለክቡር የሰሜን ባሕር መስመሮች ኮሚሽነር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ በበረዶው ባሕር ዳር የምንኖር የካንጋርሱክ ሰዎች፣ ስድሳ ሁለት ነፍስ፣ ከነውሾቻችን በሕይወት አለን። ይህን በአደባባይ የምጽፈው፣ የመንደሩን ሸንጎ ለሃያ ሁለት ዓመት እንደ መራ ሰው፣ ለተደረገልን ሁሉ በስውር ማመስገን ነውር ስለሚሆንብኝ ነው።

፩ኛ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ መንደራችን መጥተው፣ ክረምቱን የሚመግቡን ባለ ቀንድ ዓሣ ነባሪዎች በበጋ ከግልገሎቻቸው ጋር የሚያርፉበትን ጸጥ ያለ ውኃ እንድናሳይዎ ጠየቁን፤ መርከቦች እንዳይደርሱበት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል አሉን። እኛ ዘንድ በበረዶ ላይ መንገድ ለጠየቀ ሰው መንገድ መደበቅ ከመግደል አይለይምና፣ አንጋፋው አዳኛችን ኦዳቅ ጥልቁን ከጥልቅ ካልሆነው ለይቶ በካርታዎ ላይ በእርሳስ ሣለልዎ። የወንድሜ ሚስት አቪጊያቅ ለእንግዳ የምናቀርበውን የዓሣ ነባሪ ቆዳ እንዲበሉ እየቆረሰችልዎ፣ «አያ ኦዳቅ፣ ኧረ ቀስ! እንግዳው አፉን ሳይጠርግ ጓዳችንን ከፈትክለት እኮ!» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ! መንገድ ለጠየቀ ሰው ጀርባ ይሰጣል እንዴ?» አላት። አስተርጓሚው ሲነግርዎ ከሁላችንም አብልጠው የሳቁት እርስዎ ነበሩ።

፪ኛ፦ የማዕድን ጫኝ መርከቦች አዲስ መስመር ዘንድሮ ሲታወጅ፣ የኦዳቅን እርሳስ ሳይዛነፍ ተከትሎ አገኘነው። ለካስ ጥልቅና ከበረዶ ነጻ የሆነ ውኃ ለመርከብም ይመቻል። የሽማግሌያችንን እጅ ጽሑፍ በዚህ ያህል ጥንቃቄ ላነበቡት ባለሙያዎችዎ ምስጋናዬ ይድረስ።

፫ኛ፦ ዓሣ ነባሪዎቹ ወደ ወሽመጣችን በሚገቡበት ወራት ድምፅ እንዳያሸሻቸው ሞተር አናስነሳም፤ በቆዳ ጀልባ እየቀዘፍን እናድናለን፤ ልጆች እንኳ ጠጠር ወደ ባሕር አይወረውሩም። ዘንድሮ ሰባት ሳምንት በዝምታ ጠበቅን። ሃያ ዘጠኝ መርከብ አለፈ። ዓሣ ነባሪ አንድም አልመጣም። ሥጋ የምናኖርባቸው የድንጋይ ክምሮች ባዶ ናቸው።

፬ኛ፦ ቢሮዎ «ነዋሪዎቹ ተማክረው ተስማምተዋል» ብሎ ሲጽፍ በማስረጃነት ያያያዘው ያንኑ ካርታ ነው። ኦዳቅ ይህን ከሰማ ወዲህ ከሰው ጋር አይበላም። ማንም አልወቀሰውም፤ እጅዎን ይዤ ወደ ቤቱ ያስገባሁዎት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከመጪው በጋ በፊት መስመሩን የግማሽ ቀን ቀዘፋ ያህል ወደ ደቡብ እንዲያዞሩልን፣ ልመና ባልለመደ አንደበቴ እለምንዎታለሁ።

ቃልዎን አምኖ ለጎረቤቶቹ ዋስ የሆነልዎ፣ ዛሬም በየደጃፋቸው ሲያልፍ አንገቱን የሚደፋ አክባሪዎ፣
ኢሚና፤ ከካንጋርሱክ

ማስታወሻ፦ ዓሣ ነባሪዎቹ ወዴት እንደ ሄዱ በአዲስ ካርታ ላይ እንድናመለክት ቢሮዎ የላከው ትሕትና የተሞላበት ጥያቄ ደርሶናል። ኦዳቅ እጁን ክፉኛ ስለታመመ እርሳስ መያዝ እንደማይችል እንድገልጽልዎ አደራ ብሎኛል። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የጀልባውን ቆዳ ሲሰፋ ውሏል።