የአቶ ዘርዓብሩክ ፋኑኤል ሕይወትና በአጥሩ ጥግ ያሉት ሙታን

አቶ ዘርዓብሩክ ፋኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ፋኑኤል ንጋቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓይናለም አስፋው በ1945 ዓ.ም. በይርጋ ዓለም ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው አዲስ አበባ ካጠናቀቁ በኋላ በታሪክ መምህርነት አገልግለዋል። በደርግ ዘመን የታዘዙትን ብቻ አላስተምርም በማለታቸው ታሰሩ። ሲፈቱ በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ገቡ።

እዚህም እንደ ብዙዎቻችን ታክሲ ነዱ። በ1989 ከወይዘሮ አምሳለ ወልዴ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሃይሚንና ናዝራዊትን ወልደዋል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ የሚያውቃቸው ሁሉ እንደሚመሰክረው ቁጡ ነበሩ፤ ይህን አንሸሽግም።

ከደንበኞቻቸው አንዷ ሚስስ ኮራ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አረጋዊት ነበሩ። አቶ ዘርዓብሩክ በየዓመቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ መካነ መቃብር ያደርሷቸው ነበር። ሴትዮዋ አበባቸውን የሚያኖሩት በአጥሩ ጥግ፣ አንድም ድንጋይ በሌለበት ሣር ላይ ነው። አያታቸው እዚያ መቀበራቸውን እናታቸው በልጅነታቸው አሳይተዋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 እድራችን ለአባላቱ የመቃብር ቦታ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዛ። አቶ ዘርዓብሩክ ለመጀመሪያው ቀብር ሲሄዱ የቆሙት በዚያው ሣር ላይ ሆነ። ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። ከሥራ በተረፋቸው ጊዜ ሁሉ ቤተ መዛግብት እየገቡ፣ ከወደቡ ከተማ ከሎንግ ቢች ሽማግሌዎች እየጠየቁ ዓመታት መረመሩ። በመጨረሻ የደረሱበት እውነት ይህ ነው፦ በአጥሩ ጥግ በወደብ ሥራ ያለቁ ጥቁር ሠራተኞች ተቀብረዋል። የቦታው ባለቤቶች ድንጋዮቻቸውን ነቅለው ጣሉ፣ ዐፅማቸውን ሳያነሱም መሬቱን እንደ አዲስ ሸጡት። የገዛነው እኛ ነን።

አቶ ዘርዓብሩክ መሬቱ ይመለስ አላሉም። የጠየቁት አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም ብቻ ነበር። በ2016 በተጠራው ስብሰባ የወቅቱ ሰብሳቢ «ጋሼ፣ የሰው አገር ነው እኮ። ሶ፣ እኛን ምን አገባን? ኬዝ ከተከፈተ ቦታውን ወስደው እኛኑ መቀበሪያ ያሳጡናል» አሏቸው። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ያወጡት እርሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የነፈጓቸው ብዙ ናቸው። ሚስስ ኮራም ድንጋዩን ሳያዩ በ2019 አረፉ። ለቀብር ማንም የማይቀድመው ሕዝባችን በእግሩ ሥር ላሉት ሙታን አንድ ድንጋይ ከለከለ። በስብሰባው የነበራችሁ ብዙዎቻችሁ ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል፤ አዝኖባችኋልም።

አቶ ዘርዓብሩክ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኦክቶበር 19 ቀን 2024 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው በተጨማሪ ወንድማቸው ምንይሉ ፋኑኤል በሐዘን ቀርተዋል።

ያን ያህል ተገፍተው ከእድሩ ለምን እንዳልወጡ ለምትጠይቁ መልሱ ይህ ነው። በደንባችን መሠረት እያንዳንዱ አባል በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ያቆማል፤ የሚጻፍበትንም ራሱ ይመርጣል። ይህን መብት ማንም በድምፅ ብልጫ ሊሽረው አይችልም። እንደ ኑዛዜያቸው ዛሬ በአጥሩ ጥግ ይቀበራሉ። በድንጋያቸው ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚቀረጸው «ከእኛ በፊት እዚህ የተቀበሩ፣ ድንጋያቸው የተነቀለባቸው ሰዎች አሉ» የሚል ብቻ ነው።

የእርሳቸው ስም አይጻፍም፤ ቦታ አልተረፈውም። ስማቸውን የሚፈልግ ይህን ወረቀት ያስቀምጥ። እግዚአብሔር የእርሳቸውንም፣ አሁን የቆምንባቸውንም ነፍስ በአንድነት ያሳርፍ።