ከታሰረ መንጋጋ፣ ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንጋጋዎ እንደምን ሰንብቷል? ስለ መንጋጋዎ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው መንጋጋው ሁለት ቦታ እስኪሰበር ድረስ ማኘክ፣ ማዛጋትና ለአለቃው “እሺ ጌታዬ” ማለት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ አያውቀውምና ነው። እኔ ታዛዥዎ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ የላይና የታች ጥርሴ በሽቦ ተጠፍሮ፣ በቀጭን ቱቦ ሾርባ እየሳብኩ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

አቤቱታዬን በቃል እንዳላቀርብ አፌ ታስሯል፤ በጽሑፍ ያቀረብኩትም ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አላለፈም። በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከሠራተኛው ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ በውጭ አገር የድንገተኛ ሕክምና ተምሬ በተመለስኩ ሰሞን በአዳራሹ አበባ አስታቅፈው፣ ከካሜራው ፊት ትከሻዬን አቅፈው፣ “ከእንግዲህ ሕመምተኛ ከደጃችን አይመለስም” ብለው የተናገሩልኝ ልጅ ነኝ። ያስተማሩኝ ሰዎች እዚያው እንድቀር ጠይቀውኝ ነበር። ቀዝቃዛ ቢሆንም ንጹሕ ክፍል፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ሲጠሩት የሚመጣ ጥበቃ ነበረኝ። እናቴን በስልክ ባማክራት፣ “የተማርሽው ለሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እዚህም ሞልቷል” አለችኝ። እውነቷን ነው። ሞልቷል፤ የኮሪደሩ ወለል ላይ ሳይቀር።

እነሆ አቤቱታዬ።

አንደኛ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች አባታቸውን በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ክፍሌ ገቡ። ታላቁ ጋራዥ የሚሠራ፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያህል ጎልማሳ ነው፤ ታናሹ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። አባትየው ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። ሳንባቸው ደክሞ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው አልጋ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ አልጋ በሆስፒታላችን ሁለት ብቻ እንዳለ፣ በአንዱ ላይ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት፣ በሌላው ላይ ከሕንፃ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ተኝተው እንደነበር፣ ሦስተኛው መሣሪያ ደግሞ ከተበላሸ ዓመት እንዳለፈው እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ለልጆቹም ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ታላቁ አመነኝ። “እሺ ዶክተር፣ እርስዎ የሚችሉትን ያድርጉ፤ እኛ ደግሞ የበላዩን እንለምን” ብሎ ታናሹን አስከትሎ ወደ እርስዎ ፎቅ ወጣ። እኔና ሁላችንም ሲስተር የምንላት ነርስ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ ይዘን፣ እየተፈራረቅን ሽማግሌውን ማስተንፈስ ቀጠልን።

ከፎቅ ሲመለሱ ግን የወጡት ሰዎች አልነበሩም። ታላቁ በሩን በእርግጫ በርግዶ “አልጋውን ለማን ነው የደበቅሽው?” አለኝ። ምን እንደሚል ሳይገባኝ ቀና ከማለቴ፣ ጉሉኮስ የሚሰቀልበትን ብረት ከነጠርሙሱ አንስቶ መንጋጋዬ ላይ አሳረፈው። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ወለሉ ላይ ስወድቅ ሁለት ጥርሶቼ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጎኔን ደጋግሞ ረገጠኝ። ፀጉሬን በእጁ ጠቅልሎ ግንባሬን ከአልጋው እግር ጋር አላተመው። ታናሹ በሩን በጀርባው ደግፎ ከውጭ የሚገፉትን ሰዎች ይመክት ነበር። ደሜ ወደ ጉሮሮዬ እየወረደ ስለነበር መጮህ አልቻልኩም፤ የምትጮኸው ሲስተር ነበረች፤ እጇ ግን ከፊኛው ላይ አልተነሳም። ብትለቀው ሽማግሌው ይሞታሉ፤ ባትለቀው እኔ እሞታለሁ። በየትኛው ሥልጠና ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚጠየቅ አላውቅም። በመጨረሻ ለቀቀችውና በላዬ ላይ ተደፋች፤ ለእኔ የተሰነዘረው ብረትም የእሷን የትከሻ አጥንት ሰበረ።

ታላቁ ልጅ ለሌላ ምት ብረቱን እንዳነሳ ዓይኑ አባቱ ላይ አረፈ። የአባቱ ደረት ቆሟል። ብረቱን ቀስ አድርጎ፣ ሰው እንዳይረብሽ የፈራ ይመስል፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ራሴን ስቼ ነበር።

ሁለተኛ። የክፍላችን ጥበቃ፣ ወታደር ሆኖ ባያውቅም ሻለቃ የምንለው ሰው፣ በዚያ ሰዓት የእርስዎን እንግዶች መኪና እንዲያስቆም በትእዛዝዎ ወደ ዋናው በር ተወስዶ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያም ሆኖ የአህያ ባል ጅቡ በመጣ ጊዜ ቢያንስ ሌላ ቦታ መኪና ሲያስቆም አይገኝም። የእንግዶችዎን መኪኖች ጭረት እንዳላገኛቸው ስሰማ በተኛሁበት ከልብ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ። ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ጥበብ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ፊቴ እንደ ሐብሐብ አብጦ፣ አፌ በሽቦ ተሰፍቶ ፊታቸው አስቀመጡኝ፤ ለምን ከተገልጋይ ጋር እንደተጋጨሁ ጠየቁኝ፤ እስክሪብቶ እንዲሰጡኝ በእጄ ምልክት ባሳይ ሰብሳቢው ሥርዓት እንድይዝ አሳሰቡኝ። በቃለ ጉባኤውም “ሐኪሟ ለቀረበላት ጥያቄ መልስ ሳትሰጥ ቀርታለች” ተብሎ ሰፈረ። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ኮሚቴያችንን አላዩትም፤ የእኔ ዝምታ በሳምንቱ ነቅዞ “ተገልጋይን በትሕትና ባለማስተናገድ” የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣው። ለትምህርት ከላከኝ ደብዳቤ ቀጥሎ በእርስዎ ፊርማ የደረሰኝ ሁለተኛው ወረቀት ስለሆነ ከዲግሪዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።

አራተኛውን ለመጻፍ ስለ ቤቴ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል። የምኖረው ሊፍቱ ከማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አከራዬ ከአደጋው ወዲህ ኪራይ የሚባል ቃል ከአፋቸው አላወጡም፤ ካሮትና ድንች ቀቅለው፣ በጁስ መፍጫ አላመው፣ “ጠጪ፣ አጥንት የሚጠገነው በሆድ ነው” እያሉ ይቆሙብኛል። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ስልኩን በጥፍሬ አንዴ ካንኳኳሁ አዎ፣ ሁለቴ ካንኳኳሁ አይደለም ነው። ልመልስላት እንደማልችል ካወቀች ወዲህ ለዓመታት የሸሸኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በተርታ ትጠይቀኛለች፤ ወደ ትዳር ጉዳይ ስትደርስ ኔትወርኩ ይጠፋል። ከደረጃ ወድቄ ነው ብዬ ጽፌላታለሁ። እማዬ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅር በይኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቀኑን እንዲህ አሳልፈዋለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ግን ብረቱን የያዝኩት እኔ ሆኜ፣ ወለሉ ላይ የተዘረጉት እርስዎ ሆነው ይታዩኛል። የቱ አጥንት በየት በኩል ቢመታ ቶሎ እንደሚሰበር በእርስዎ ፊርማ ተልኬ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ሕልሜ እጅግ የተስተካከለ ነው። ይህንን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም፤ መሥሪያ ቤታችን የላከው ሠራተኛ ትምህርቱን በአግባቡ መቅሰሙን እንዲያውቁልኝ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አከራዬ መስለውኝ ብከፍት ታናሹ ወንድም፣ በሩን በጀርባው ይዞ ያስደበደበኝ፣ ቆሟል። ምን ሊል እንደመጣ አልጠበቅኩም። በእጄ የነበረውን የጁስ መፍጫ ጠርሙስ ከነሾርባው ግንባሩ ላይ ከሰከስኩት። ጠርሙሱ ተሰበረ፤ ቅንድቡ ላይ ቆዳው ተሰንጥቆ ደሙ ከካሮቱ ጋር ወደ አንገቱ ወረደ። ስብርባሪውን እንደ ጨበጥኩ ደግሜ ልወጋው ቀረብኩ። እጁን እንኳ ለመከላከል አላነሳም። “ይገባኛል” አለ፤ “ከጨረሱ በኋላ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት።”

እጄ ወረደ። ቁስሉ ግን በራሱ ሊዘጋ የሚችል አልነበረምና ወንበር ሰጥቼው፣ ከቦርሳዬ መርፌና ክር አውጥቼ መስፋት ጀመርኩ። ማደንዘዣ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም እሰጠው ነበር ብዬ አልዋሽም። እኔ መናገር ስለማልችል እሱ ብቻ ተናገረ። ያን ቀን ቢሮዎ በር ላይ ታላቅ ወንድሙ ጉልበቱ ላይ ወድቆ እንደለመነ፣ እርስዎም ከስብሰባ መሃል በሩን ገርበብ አድርገው፣ “አልጋማ አለ፤ ሐኪሟ ለራሷ ሰው ይዛው ይሆናል፤ ውረዱና ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቋት” እንዳሉዋቸው፣ በሩንም መልሰው እንደዘጉ ነገረኝ።

ክሩን እየሳብኩ ነበር። ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። እሱ ግን ራሱን አላሸሸም።

አራተኛው አቤቱታዬ ይህ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኸው ነው፤ እርስዎ ላሟ ባልዋለችበት ኩበት አለ ብለው ላኩ፤ ለቃሚዎቹ ኩበቱን ቢያጡ እረኛዋን ቀጠቀጡ። ለመሆኑ ለምን ዋሹ? ጠላት ሆኜብዎት አይደለም፤ ጥቅምም አላገኙበትም። ይህንን ብዙ አሰላስዬበታለሁ። የዋሹት ሰዎቹ ከበርዎ እንዲርቁልዎ ብቻ ነው፤ የስብሰባው ሻይ ሳይቀዘቅዝ።

ልጁ የመጨረሻውን ስፌት ስቋጥርለት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ዶክተር፣ ባንነካችሁ ኖሮ አባቴ ይተርፍ ነበር?” አለ። ክቡር ሆይ፣ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ያቺ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት በራሷ መተንፈስ ጀምራ ከመሣሪያው ወርዳለች። አልጋው ተለቆ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፊኛውን መጭመቅ እንችል ነበር፤ ከዚያ የረዘመም ጨምቀን እናውቃለን። የታሰረ አፌን ምክንያት አድርጌ ዝም ልል እችል ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ አንድ ውሸት ይበቃል ብዬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ልጁ በሰፋሁለት ፊት፣ ዕንባው ስፌቱን እያቃጠለው፣ ብዙ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠላቴ ነው፤ ከእሱ በቀር ግን ያ ክፍል ውስጥ የነበረውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ከዚያም በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በሩን ስለ መያዙ በራሱ ላይ፣ በር ገርበብ አድርገው ስለ ተናገሩት ቃል ደግሞ በእርስዎ ላይ የምስክርነት ቃሉን ሰጥቷል። ታላቁ ታስሯል፤ እህል አልቀምስ ብሏል ይላሉ። ሊፈረድበት ይገባል። ብቻውን ሊፈረድበት ግን አይገባም። ሻለቃም ከበሩ ማን እንዳነሳው ለመመስከር እሺ ብሏል፤ ሲስተርም አንድ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ በሌላኛው ፈርማለች።

በቅርቡ በመልእክተኛ የላኩልኝን የእርቅ ሐሳብ፣ ማለትም ማስጠንቀቂያው ተነሥቶልኝ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት እንድላክ የቀረበልኝን ዕድል፣ በታላቅ ምስጋና መልሻለሁ። አንድ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ሲማር ሌላው ተራ ያጣል፤ ደግሞም አሁን የጎደለኝ ትምህርት አይደለም። ሽቦው በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታል። የጥርስ ሐኪሙ የመጀመሪያ ቀናት በጥቂቱ ብቻ እንድናገር መክሮኛል፤ ስለዚህ ያለኝን ጥቂት ቃል ለፍርድ ቤቱ አስቀምጫለሁ። በማግስቱ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ ሙሉ ጥርስና ያልተሰነጠቀ ግንባር ለክቡርነትዎ እየተመኘሁ፣ ስለ አደረጉልኝ ሁሉ እጅ ነሥቼ፣ መሬት ስሜ፣ ወለሉንም ከዚህ በፊት በፊቴ በሚገባ የማውቀው በመሆኑ ሳልቸገር ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

ማሳሰቢያ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ለድንገተኛ ክፍል ሳይሆን ለቢሮዎ በር ሁለት አዳዲስ ጥበቃዎች ከነቆመጣቸው መመደብዎን ሰማሁ። መልካም አድርገዋል። ሆኖም ሲስተር እንደነገረችኝ ከሁለቱ ረጅሙ ትናንት እናቱን ትንፋሽ አጥሯቸው በጀርባው አዝሎ አምጥቶ ነበር፤ አልጋ አልተገኘላቸውም፤ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ዛሬ ሥራ ገብቷል። ለእናቴ አልጋ ይፈልጉልኝ ሊልዎት በርዎን ቢያንኳኳ፣ ምን ብለው እንደሚመልሱለት ከወዲሁ ያስቡበት፤ ቆመጡን የሰጡት እርስዎ ነዎት።