በደህና ዓይንህ የሳልኸው ጠማማ ጆግ

ጌትነት፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን ሰባተኛ ወራችን ነው። ነፍስህን ይማር ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ተቆጥቼብሃለሁ።

በእርሳስ የሳልኸው የገበታችን ሥዕል ከግድግዳው አልወረደም። ጆጉ ሁለት አፍ አለው፤ ሳህኑ ወደ ጎን ተንጋዷል፤ ሽንኩርቶቹ ተደራርበው የቱ ሽንኩርት የቱ ጥላ እንደሆነ አይለይም። ያኔ ሳየው በቤቴ የተሳለቅህብኝ መሰለኝ። «ለተማሪዎችህ የምታሳየው ጓዳዬን አጣምመህ ነው?» ብዬ ጮኽሁብህ። «እንዳየሁት ነው» ብለህ ወጣህ። ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር በላን። ከዚያ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን ወደ ወገዳ ስትመለስ ከገደሉ አፋፍ ወደቅህ። አዳልጦት ነው አሉ። በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መንገድ!

ለአርባህ እህትህ ይርጋለም ከንፋስ መውጫ መጣች። ነርስ ናትና ሥዕሉን ስታይ በእንባ ታጠበች። «ይኼን ለእኔ ነው የሳለው። ምን እንደሚታይህ አሳየኝ ብዬው ነበር።» አንዱ ዓይንህ ነገርን አጣምሞ፣ ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ሕመም ይዞት ኖሯል። ደህናውን ሸፍነህ በታመመው ታይና ያየኸውን በደህናው ትስል ነበር። ደህና የተባለው ዓይንህም መታመም ጀምሮ ነበር አለችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኛል፣ እታለም። ሚስቴ ዕውር አገባሁ እንዳትል ብሎ።»

እኔ እንዲህ የምል ሴት ነኝ? አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ብርድ ልብስ ስር ተኝተን ያወቅኸኝ ይህን ያህል ነው?

ይርጋለም ቀጥላ፣ «በዘርም ይመጣል። ሰብለ ዓይኗን ታሻለች?» አለችኝ። ልጅህ ቀኑን ሙሉ ነው የምታሸው። እኔ አቧራ ነው እያልሁ እጇን በጥፊ እመታ ነበር። በነጋታው ይዣት ጎንደር ወረድሁ። ሐኪሙ ጀምሯታል አለ፤ ግን በጊዜ ስለ ደረስን ይቆማል። አንዱ ዓይኗ ታክሟል፤ ለሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን።

አንተ ዝም ባልህበት ወራት ሁሉ እሷም ስትታመም ነበር። ለወረቀት ነገርህ፣ ለእህትህ ነገርህ፣ ለእኔ ግን ኩርፊያ ተውህልኝ። ብትነግረኝ በዚያ አፋፍ ክንድህን ይዤ እሄድ ነበር፣ ሰው ቢስቅም ባይስቅም።

ልጄ ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ። ሰብለ ስታድግ ስለ አሟሟትህ ትጠይቀኛለች፣ እኔም አልዋሻትም። አባትሽ ይወድሽ ነበር እላታለሁ። እናትሽን ግን አፈራት፤ ያፈራትም በከንቱ ነው።

ባለቤትህ