ቸኩዬ የቆረጥኩት ቺፕ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለም ሚቺዮ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ሴይጂስ? ያቺ ተንኮለኛ ልጅሽ ካሚላስ? የሳኦ ፓውሎ ሙቀት ራስ ምታትሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኔ በቁሜ አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

አባባ ከታመሙ ወዲህ አንደበታቸው እንደተዘጋ ነው። ቀኝ እጃቸው የሚንቀሳቀሰው የጨዋታ ቤታችንን ስንዘጋ ባስቀረናት የመርከብ ጨዋታ ማሽን ፊት ሲቀመጡ ብቻ ነበር። የመርከቧን መንጃ ዘንግ፣ ጆይስቲኩን፣ ሲይዙ ጣቶቻቸው ነፍስ ይዘሩ ነበር። እጃቸውን የምታሠራቸው ወይዘሮ ኩዋባራ፣ እጁ ሥራ ከፈታ ጨርሶ ይከዳቸዋል ብላ አስጠንቅቃኛለች። እና እታለም፣ ማሽኗ ተበላሸች። ጨርሼ የገደልኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከጓደኛዬ ከካጂታኒ ሎጂክ አናላይዘር የሚባል መመርመሪያ ተዋስኩ። ሽቦዎቹን የማሽኗ ቺፖች የብረት እግር ላይ ስታያይዢያቸው፣ በየእግሩ የሚያልፈው ምልክት ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ሆኖ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሁሉም አንዱ መስመር ብቻ ድርቅ ብሎ ተኝቷል። መስመሩ ትልቁን ቺፕ ይነካል፤ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ማንም የማይሠራውን። እኔ ሆዬ እሱን ጠርጥሬ፣ ቺፖቹ የተበየዱበት ቦርድ እንዳይጎዳ ብዬ፣ ተራ ቺፕ እንደምናወጣው እግሮቹን ከሥራቸው ከርክሜ ነቀልኩት፤ እግሩ የተቆረጠ ቺፕ ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። አጠገቡ ያለውን፣ በየሱቁ የሚገኘውን ትንሽ ቺፕ ሳወጣ ግን ወዲያው መዝለል ጀመረ፤ ለካ የተበላሸው እሱ ነበር፣ ትልቁ ጤነኛ ነበር።

ካጂታኒ ይህን ሲሰማ፣ «አንተ ጅል፣ መሣሪያው መስመሩ መታፈኑን ነው የነገረህ፤ ማን እንዳፈነው መች ነገረህ?» አለኝ። ኦሳካን አዳረስኩ፣ ቶኪዮም ደወልኩ፤ የሚያውቁት ሁሉ ተስፋ ቁረጥ ነው የሚሉኝ። እናንተ አገር ድሮ ከዚህ የተጫኑ ማሽኖች ነበሩ። የተቃጠለም ይሁን የዛገ፣ የዚያች ጨዋታ ቦርድ ከተገኘ ላኪልኝ፤ ትልቁን ቺፕ ከላዩ አወጣለታለሁ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ትናንት አባባ በጠፋው ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን አንስቼ ጆይስቲኩ ላይ አደረግሁላቸው፤ እንዳስቀመጥኩት ቀረ።

ሴይጂን፣ ካሚላንና አማትሽን ወይዘሮ ቶኩን በጣም ሰላም በይልኝ። አባባም ሰላም ይሉሻል፤ ከታች ያለው ቀይ ማኅተም የእሳቸው ነው። በቀኝ እጅዎ ይምቱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አዩኝና በግራቸው መቱት።

ወንድምሽ ዮሺታካ
ኦሳካ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2011