ከጀልባዎ ላይ ሆነው እጅዎን ላውለበለቡልኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የወደቡ የጀልባዎች እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ እጆችዎ ደህና ናቸው? አሥሩም ጣቶችዎ እንደ ልብ እየታዘዙዎት ብዕር እንዲጨብጡ፣ ሪባን እንዲቆርጡ፣ ማይክሮፎንም እንዲያነሱ ምኞቴ ነው። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። እኔ ቤት ውስጥ ግራ እጇ አልጨብጥ ያላት ሴት ስላለች፣ የእጅን ዋጋ ከማንም በላይ የምናውቅ ቤተሰቦች ሆነናል።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ በትንሿ ነጭ ጀልባ ላይ ቆማ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የጮኸችው ሴት እኔ ነኝ። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት እንደሚያስቸግር ባውቅም፣ ውለታዎ በዝቶብኛልና ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር ከፋፍዬ ላቀርበው ተገድጃለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ ሰላምታዬን ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ የውሃ ውስጥ መጥለቅ አስተማሪ ናት፤ እኔ ደግሞ እሷ በጠለቀች ቁጥር ጀልባዋን ይዤ ከላይ የምጠብቅ ነኝ። የዚያን ቀን ተማሪዋ አንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሱቃቸው መስኮት ያዩትን ባሕር ከመሞታቸው በፊት ከውስጡ ሊያዩት ፈልገው የመጡ ጨዋ ሽማግሌ። ቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያላት ባንዲራችን ከላያቸው ተንሳፍፋ ነበር። ትርጉሟ አንድ ብቻ ነው፦ ከሥር ሰው አለ፣ ቀስ በሉ፣ ራቁ። ይህንንም የጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ ራስዎ አስለጥፈውታል።

የጽሕፈት ቤትዎ የቁጥጥር ጀልባ፣ እርስዎንና ክቡራን እንግዶችዎን አሳፍራ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ስትመጣ አየኋት። ሁለት እጄን እያውለበለብኩ "ሰው አለ! ከሥር ሰው አለ!" ብዬ ጮኽኩ። እርስዎ ከፊት ቆመው ነበር። አዩኝ። ጥቁር መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ ጥርስዎ እስኪታይ ፈገግ ብለው፣ እጅዎን አውለበለቡልኝ። እንግዶችዎም እርስዎን አይተው አውለበለቡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የደመቀ ሰላምታ ተቀብዬ አላውቅም። ከዚያም ባንዲራችን ላይ አለፋችሁ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ጉዟችሁን ባለማቋረጣችሁ ነው። እትዬና ሽማግሌው ወደ ላይ እየወጡ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ፣ በኋላ ሽማግሌው እንደነገሩኝ፣ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ታች ገፋቻቸው፤ እሳቸውን ለመግፋት የተጠቀመችበትን ጊዜ ለራሷ አላተረፈችውም። ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ስለት፣ ፕሮፔለሩ፣ ግራ ክንዷን ከትከሻ እስከ ክርን ሸረከተው። ውሃው ቀላ። ሽማግሌው፣ የመጥለቅ የመጀመሪያ ቀናቸው ሆኖ ሳለ፣ ከሥር ተመልሰው አንገቷን ቀና አድርገው ይዘው ወጡ፤ እኔ ጎትቼ አስገባኋት፤ በአቅራቢያው መረብ የሚጥል አንድ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ሞተር ስለነበረው ወደ ዳር አደረሰን። የእናንተ ጀልባ ግን እየራቀች፣ እያነሰች፣ ነጭ ነጥብ ሆና ጠፋች። ነጂዎ በኋላ "ግንድ የመታን መስሎን ነው" ብሏል። ግንድ ሲመታ ይጮኻል ወይ ብለው እንዳልጠየቁት እገምታለሁ፤ የሠራተኛን ስሜት መጠበቅ የጥሩ አለቃ ምልክት ነው።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ሽማግሌው ገና ከነእርጥብ ልብሳቸው ተቀምጠው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቀድ ኖሬያለሁ። ሰው ሲቀደድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር" አሉ።

፫. ሦስተኛ፣ ስለ አደጋው ለጠሩት ስብሰባ። በዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ እያንዳንዳችን ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱን። ባንዲራዋ ትንሽ ነበረች አሉ። ከዚያ ደግሞ ባንዲራዋን አላየናትም አሉ። ትንሽ መሆኗን ሳያዩ እንዴት እንዳወቁ ልጠይቅ እጄን ባነሳ፣ ዕድል አልተሰጠኝም፤ እጄን ሳነሳ ሰላምታ የምሰጥ እየመሰለዎት መሆን አለበት። ቀጥለውም እህቴን፣ ክንዷ አንገቷ ላይ ታስሮ ከፊትዎ የተቀመጠችውን ሴት፣ "እህቴ፣ አንቺስ ስትወጪ ለምን ቀና ብለሽ አላየሽም?" አሏት። ክቡር ሆይ፣ የተኛን ሰው የረገጠ፣ ለምን ዓይንህን ገልጠህ አልተኛህም ብሎ ሲቆጣ የሰማሁት ያኔ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ የቆየ ነገር ነው፤ ዳውላውን በስብሰባ ጠርቶ መገሠጽ ግን የእርስዎ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም።

፬. ስለ ሰሌዳው። ከስብሰባው በኋላ "ጠላቂዎች ከጀልባ ይጠንቀቁ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ አሠርተው፣ ፊቱን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙረው በየብስ ላይ አስተከሉት። ሪባኑን በራስዎ እጅ ሲቆርጡ አየሁ። ለጀልባ ነጂዎችስ? ለነሱ ምንም አልተጻፈም። እኛ የለመንነው ደግሞ ብዙ አልነበረም፦ ባንዲራ ያየ ነጂ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ዞሮ ይለፍ፣ ከፊት የሚያይ ሰው ይኑረው፣ ጠላቂ ወጥቶ ሲያይ ሞተሩን ያጥፋ። ደጋግመን ጠየቅን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን።

፭. በመጨረሻ፣ ያን ነጂዎን ስለሸለሙት። በቅርቡ የጀልባ ደህንነት አሠልጣኝ አድርገው እንደሾሙት ሰማን። እንኳን ደስ አላችሁ። ከልምድ የሚበልጥ መምህር የለም፤ እሱ ደግሞ ልምዱን ያገኘው በእህቴ ሥጋ ላይ ነው።

እንግዲህ ቤታችን እንዴት እንደሆነ ባይጠይቁኝም ልንገርዎ። የእትዬ ክንድ ተርፏል፤ ሐኪሞቹ እግዜር ይስጣቸው። ጣቶቿ ግን አይጨብጡም። ጠዋት ጠዋት የልጇን ፀጉር የምትጎነጉነው እሷ ነበረች፤ አሁን እኔ ነኝ፤ ስጎነጉንም ልጅቷ "የእማዬ እንዲህ አያመኝም ነበር" ትለኛለች፤ እናትየው ይህን ላለመስማት ወደ ጓዳ ትገባለች። በበራችን ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር እትዬ ጭንቅላቷን በክንዷ ትሸፍናለች፤ ከዚያ ማን አየኝ ብላ ዙሪያዋን ታያለች። እኔ ያላየሁ መስዬ ሳህን አጥባለሁ። አንዳንድ ሌሊት የምጠላዎ መጠን ራሴን ያስፈራኛል፤ ጠዋት ግን እነቃለሁና፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ቢሆንም ባሕሩን አልተወችም። ባለፈው ወር፣ ሐኪሙ እየተቆጣ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አጅበዋት፣ በአንድ እጇ ጠለቀች። እኔ ከላይ ሆኜ ጆሮዬ ሞተር ሲፈልግ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኋት። ስትወጣ ሳቀች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣውም ያ ሳቅ ዳግም በማንም ጀልባ ሥር እንዳይገባ ነው።

ከላይ ቆመው ከታች ያለውን የማያዩበት ወንበርዎ ይመችዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ ወገቤ እስኪቆረጥ እጅ ነስቼ፣ በከፍተኛ ትሕትናና ከዚያ በማያንስ ቁጣ እሰናበታለሁ፤

በነጭ ጀልባ ላይ የምትጮኸዋ፣
የጠላቂዋ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ተደወለልን። የቁጥጥር ጀልባችሁ ፕሮፔለር ላይ የመረብ ገመድ ተጠምጥሞ መንቀሳቀስ አቅቷታል፤ በአካባቢው ሌላ ጠላቂ ስላልተገኘ እህቴ ወርዳ ብትቆርጥልን ተባልን። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ የመለሰችላቸውን ቃል በቃል ላድርስዎ፦ "በደስታ እመጣለሁ። ሞተሩ ላይ አዲሱ የደህንነት አሠልጣኛችሁ ይቀመጥ፤ ቁልፉም እሱ ጋ ይሁን። ክቡር ኃላፊው ደግሞ ከእኔ ጋር አብረው ይጥለቁና፣ እኔ ገመዱን ስቆርጥ ፕሮፔለሩን ይያዙልኝ።" ጸሐፊዎ ቆይ ልጠይቃቸው ብላ ሄደች። ስንጠብቅ ቆየን፤ ስልኩም ተዘጋ። እትዬ ግን ግብዣው እንደጸና ነው ብላለች።